ጣቴ ቀኝ፣ ምላሹ ግራ

የንክኪ ስክሪኔን ከሁለተኛ ሞኒተር ጋር ካገናኘሁ ወዲህ አንዱን ስነካ ሌላው ይታዘዝ ጀመር። በቀኙ ላይ መስኮት ልዘጋ ስል በግራው ላይ የነበረው ጽሑፍ ይዘጋል! መስታወቱን ወለወልኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፤ ጣቴ ያረፈበትን ቦታ ከስክሪኑ ጋር የሚያዛምደውን ልኬት (ካሊብሬሽን) ሦስት ጊዜ ብደግመውም ጭራሽ ባሰበት።

ለካ ቅደም ተከተሉን ስቼ ኖሯል። ዊንዶውስ የሚነካው ስክሪን የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ልኬት ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። በመቆጣጠሪያ ፓነል፣ በታብሌት ፒሲ ቅንብሮች ውስጥ፣ መጀመሪያ የተበላሸውን ልኬት ሰረዝኩ። ቀጥሎ «ሴትአፕ» የሚለውን ስጫን፣ ስክሪኑን እንድነካ የሚጠይቅ መልእክት በማይነካው ሞኒተር ላይ ወጣ። የኢንተር (Enter) ቁልፍን ተጭኜ አሳለፍኩት፤ በትክክለኛው ላይ ሲመጣ ነካሁት።

ልኬቱን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚወጡትን የመስቀል ምልክቶች እምብርት ሳልቸኩል፣ አንድ በአንድ እየነካሁ። አሁን ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ የመዝጊያ ምልክት እንኳ በአንድ ንክኪ ትታዘዛለች።