ራፕተራን ለመሳፈር ሄዳችሁ ሳትሳፈሩ የምትመለሱባቸው ስህተቶች

ቦዊ፣ ሜሪላንድ የነበረው መዝናኛ ፓርክ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ በኖቬምበር 2025 ተዘግቷል። ከእንግዲህ የሜሪላንድ አበሻም እንደ ቨርጂኒያው ልጆቹን ጭኖ ቨርጂኒያ ዶስዌል ወዳለው መዝናኛ ፓርክ፣ ኪንግስ ዶሚኒየን መውረዱ አይቀርም። ልጆቹ ደግሞ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ራፕተራ። በ2025 የተከፈተው ሮለር ኮስተር ማለት ነው። የዘመድ አዝማድ ጉዞ ሲታሰብ አስተባባሪ የምደረገው ሁሌም እኔ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ብቆጣ አትፍረዱብኝ።

አርፍዶ መነሳት። የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። «ሁለት ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ እንገናኝ» ይባላል። ሁለት ተኩል ላይ ስትደውሉ አንዷ «መንገድ ላይ ነኝ» ትላችኋለች፣ ከስልኩ ወዲያ ግን የሻወሩ ውሃ ይሰማል። አንዱ በረዶ ልግዛ ብሎ ጋዝ ስቴሽን ይቆማል፣ ሌላው የልጁን ኮፍያ ረስቶ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ሦስተኛው ቡና ሳልጠጣ አልነዳም ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ሰዓት ይሆናል። ከዲሲ ዶስዌል ሰማንያ ማይል ቢጠጋ ነው። መንገዱ ባዶ ከሆነ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ግን በበጋ ቅዳሜ አይ-95ን ባዶ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ! ፍሬድሪክስበርግ ጋ መኪናው ሁሉ ቆሞ፣ ከኋላ ወንበር ልጆቹ «ደረስን?» እያሉ፣ በሩ ላይ ስትደርሱ ሰባት ሰዓት። አዲሱን ኮስተር ደግሞ ሁሉም ሰው ነው የሚፈልገው። ጠዋት የገቡት ተሳፍረው ጨርሰዋል፣ እናንተ ፀሐይ ላይ ቆማችኋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሩ ከመከፈቱ አርባ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ እዚያ ሁኑ። የዘገየ ራሱ ይምጣ፣ ውስጥ ትገናኛላችሁ። ቴሌግራም ላይ ሰዓቱን ስትጽፉም የአበሻ ይሁን የፈረንጅ ለዩ፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች ሁለት ሰዓት ስትሏቸው ከምሳ በኋላ ይመስላቸዋል። የግድ ካረፈዳችሁ ደግሞ ራፕተራን ለመጨረሻ አቆዩት። ብዙ ጊዜ ግቢው ከመዘጋቱ በፊት ሰልፍ የገባ ሰው ይሳፈራል።

በጊዜ ደርሶም የሚበላሽ አለ። ከበሩ እንደገባችሁ ፊት ለፊት ፏፏቴና የአይፍል ታወር ቅጂ ታያላችሁ፣ ከዋናው ሲሶ የሚያህል። እዚያ ላይ የአበሻ ቡድን ይቆማል። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ ብቻ፣ ቀጥሎ ፎቶ ያነሳው ሰው ስላልተነሳ እንደገና። ታወሩ ግቢው ከተከፈተበት ከ1975 ጀምሮ እዚያው ነው። ከሰዓት በኋላም የትም አይሄድም። መጀመሪያ ቀጥታ ራፕተራ ወዳለበት፣ ጀንግል ኤክስፔዲሽን ወደሚባለው ክፍል ሂዱ። የድሮዎቹ ቮልኬኖ የሚባለው ኮስተር የነበረበት ሰፈር ሲባሉ ያውቁታል።

ልጅን ሳይለኩ መውሰድ። ቁመት በኢንች ነው የሚለካው፣ በዕድሜ አይደለም። «ዘጠኝ ዓመቱ ነው እኮ» ብላችሁ ከሠራተኛዋ ጋር አትከራከሩ፣ የሚሰማችሁ የለም። አንድ ትንሽ ልጅ ሁለት ካልሲ ደራርቦ፣ አንገቱን መዝዞ፣ ትንፋሹን ይዞ መለኪያው ሥር ሲቆም አይቻለሁ። እንጨቱ ከጭንቅላቱ በላይ ባዶ አየር ላይ ቀረ። እናቱ ልታባብለው ከሰልፉ ይዛው ወጣች፣ እሷም ሳትሳፈር ቀረች። ለየኮስተሩ የሚፈለገው ቁመት ድረ ገጹ ላይ አለ። ቤት ግድግዳ ላይ ለኩት፣ ካልሞላ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሩት።

ትኬት በር ላይ አትግዙ፣ ኦንላይን ይረክሳል። የመኪና ማቆሚያ ለብቻው ይከፈላል።

ፈታ የሚል ጫማ። ራፕተራ ክንፍ ኮስተር ነው። ወንበሮቹ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ወጥተዋል፣ ከእግራችሁ ሥር ወለል የለም። ወደ ላይ የሚጎትት ሰንሰለትም የለውም፣ በማግኔት ነው የሚወነጨፈው። በሰዓት 65 ማይል ይሄዳል፣ ከፍታው 145 ጫማ፣ ማለትም 44 ሜትር ገደማ ነው። ሲሊፐር አድርጎ የሄደ ሰው በአንድ እግሩ ነው የሚመለሰው። ስልክም በላይኛው ኪስ አይያዝ። መነጽርም እንዲሁ።

ምግብ። ዶሮ ወጥና እንጀራ የሞላ ኩለር ይዞ በር ላይ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፣ አይገባም። መኪና ውስጥ ይቀመጥ፣ ለምሳ ወጥታችሁ ብሉ። ስትወጡ ግን እንዴት እንደምትመለሱ በሩ ላይ ጠይቁ።

ከዚህ የሚብሰው በባዶ ሆድ መሳፈር ነው። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፣ ልጆች ሳይቀሩ ይጾማሉ፣ ጉዞውም ብዙ ጊዜ እዚያው ወር ላይ ይወድቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ በቨርጂኒያ ሙቀት፣ ኮስተር ላይ መውጣት ራስን ማሳት ነው። በተለይ ፓንቴሪያን የሚባለው ሌላው ኮስተር ላይ። የድሮው ኢንቲሚዴተር 305 ነው፣ 305 ጫማ ከፍታ፣ በሰዓት 90 ማይል። በ2010 ሲከፈት ከመጀመሪያው ቁልቁለት ቀጥሎ ያለው ኩርባ የብዙ ሰው ዓይን ያጨልም ነበር፣ እስከ ቀጣዩ ዓመት ሐዲዱን ቀየሩት። ዛሬም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወይ ከፍልሰታ በፊት ሂዱ፣ ወይ ከተፈታ በኋላ።

እናትን ማስገደድ። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ሳምንት ያልሞላቸውን፣ ግፊት ያለባቸውን እማማን «አይዞሽ፣ ምንም አይልሽም» ብሎ ሰልፍ ማስገባት ምን ይሉታል? ልጆቹ ቪዲዮ እንዲቀርጹ? ጥላ ያለበት ወንበር ፈልጉላቸው፣ አይስክሬም ግዙላቸው፣ ቦርሳችሁን ይጠብቁ። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ ለመቀመጫ የሚከፈል ነገር የለም።

በመጨረሻ ሰማዩን እዩ። እዚያ አካባቢ በበጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ቶሎ ይመጣል፣ መብረቅ ሲቀርብ ኮስተሮቹ ይቆማሉ። ያኔ ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ወደ መኪናው ይሮጣል። እናንተ ጣሪያ ሥር ተጠግታችሁ ቆዩ። ዝናቡ አባርቶ ሲከፈት ሰልፉ የቀድሞውን ግማሽ እንኳ አይሆንም።