በጥድ ደን ኩሬ ላይ የእሳትን አሻራ እንዴት እናነባለን?

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ሎንግሊፍ የሚባል፣ ቅጠሉ ረጃጅም የሆነ ጥድ አለ። በደኑ ውስጥ ዝናብ ሲጥል የሚሞሉ፣ ሲቆይ የሚደርቁ ትንንሽ ኩሬዎች ተበትነዋል። በየጥቂት ዓመቱ እሳት ካልጎበኛቸው ይበላሻሉ። እሳቱ መምጣት አለመምጣቱን በዓይን ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ዛፎቹን ይዩ። ግንዳቸው ከታች ጠቁሯል? ጥሩ ነው። መሬት ላይ የሳር ጉብታ የሚመስል ነገር ካዩ አይርገጡት፤ የጥዱ ችግኝ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ቁመት ሳይጨምር እንዲሁ ይቆያል። እምቡጡን በቅጠሎቹ ሸፍኖ እሳቱን ያሳልፋል።

ቀጥሎ ወደ ኩሬው ዳር ይውረዱ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የቃጠሎው ምልክት ዳር ላይ ቆሟል ወይስ ውስጥ ገብቷል? በቀዝቃዛው ወቅት ሰው ሆን ብሎ የሚለኩሰው እሳት ኩሬውን ውሃ እንደያዘ ስለሚያገኘው ዳር ደርሶ ይጠፋል። ደኑ ተቃጠለ ይባላል፤ ኩሬው ግን አልተነካም። በግንቦትና በሰኔ የሚነሳው የመብረቅ እሳት ግን ብዙ ጊዜ ኩሬውን ደርቆ ያገኘዋል፤ ወለሉንም ጠርጎ ያልፋል።

አሁን ወለሉን ይመርምሩ። ሳር ከሆነ እሰየው። ቁጥቋጦ ከወረሰው ግን ጥላው ሳሩን ያጠፋል፤ ሥሩም ውሃውን ስለሚመጥጥ ኩሬው ያለጊዜው ይደርቃል። የእንቁራሪት እጮች እግር ሳያወጡ ይቀራሉ።

ፍላትዉድስ የሚባለው ሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ) ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። እንቁላሉን የሚጥለው ውሃ ውስጥ አይደለም፤ በመኸር፣ ገና በደረቀው ወለል ላይ፣ ሳር ሥር ነው። ሽሉ እዚያው ሆኖ ዝናብ መጥቶ እስኪያጥለቀልቀው ይጠብቃል። ሳሩ ከሌለ መጠለያ የለም ማለት ነው።

እግረ መንገድዎን ቅጠላቸው ቱቦ የሚመስል፣ ነፍሳት እያጠመዱ የሚበሉ ዕፅዋት ዳሩ ላይ ካሉ ይፈልጉ። ፀሐይ ወዳድ ናቸው፤ መኖራቸው ቦታው በእሳት ክፍት ሆኖ መቆየቱን ይጠቁማል።

ራስዎ ልለኩስ ብለው ግን እንዳያስቡ። በጣም በደረቀ ዓመት፣ የበሰበሰ ቅጠል የተከማቸበት ወለል ከሥር ለሳምንታት ሊጨስ ይችላል።

በመጨረሻ ኩሬውን አንዴ ይዙሩት። እሳት እንዳይገባ ተብሎ በትራክተር የታረሰ መስመር ከከበበው፣ ውስጥ ምን እንደሚጠብቅዎ ሳይገቡ ያውቁታል፦ ቁጥቋጦ።