የሽንት ቱቦ መዘጋትን በኤምአርአይ ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቱቦ ሰፍቶ በታየ ቁጥር ተዘግቷል ብሎ መደምደም ከስህተቶች ሁሉ ይከፋል፤ ያለ በቂ ምክንያት ሰውን ወደ ቀዶ ጥገና ይወስዳልና። ከፊኛ ወደ ላይ የሚመለስ ሽንትም ቱቦን ያሰፋል። ቀድሞ ተዘግቶ የተከፈተ ቱቦም ለረዥም ጊዜ ሰፍቶ ሊቆይ ይችላል። የሞላ ፊኛ ብቻውን ኩላሊትን ያበጠ ሊያስመስል ስለሚችል፣ ታካሚው ከምርመራው በፊት መሽናት አለበት። በእርግዝና ወቅት ደግሞ ማህፀን ቱቦውን ስለሚጫን፣ በተለይ የቀኙ መስፋቱ የተለመደ ነው። ይህ መስፋት ቱቦው ወደ ዳሌ በሚገባበት ቦታ ላይ ቀስ በቀስ እየጠበበ ያበቃል። ከዚያ በታችም ሰፍቶ ከወረደና በድንገት ከተቋረጠ ግን ጠጠር መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት ኤምአርአይ ጠጠርን በግልጽ ያሳያል ብሎ መጠበቅ ነው። ጠጠር በዚህ ምስል ላይ የራሱ ብርሃን የለውም፤ በነጭ ሽንት መካከል እንደ ጥቁር ጉድለት ብቻ ይታያል። የደም መርጋት፣ የአየር አረፋና ዕጢም ተመሳሳይ ጉድለት ይፈጥራሉ፤ ትንንሽ ጠጠሮችም ያመልጣሉ። ጨረር የማያሰጋው አዋቂ ከሆነ፣ ጠጠርን ለመለየት የተሻለው ያለ ማጉያ ንጥረ ነገር የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። ከብዙ ቀጫጭን ምስሎች ተዋህዶ የቀረበውን አንድ የሚያምር ምስል ብቻ አይቶ መፍረድም አደገኛ ነው። በደማቁ ሽንት የተሸፈነው ጉድለት የሚገኘው ቀጫጭኖቹ ምስሎች አንድ በአንድ ሲታዩ ነው።

ምስሉን የሚያጎላው ንጥረ ነገር፣ ጋዶሊኒየም፣ ሲሰጥ ሽንት የሚያበዛውን መድኃኒት ፉሮሴማይድን መርሳትም ብዙ ያስከፍላል። ንጥረ ነገሩ በሽንት ውስጥ ከመጠን በላይ ሲከማች፣ ሊያበራ የሚገባውን ሽንት ያጠቁረዋል። ትንሽ ፉሮሴማይድ ግን ሽንቱን አቅጥኖ ቱቦውን ይሞላዋል። በእርግጥ ጋዶሊኒየም ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ለሆነ ሰውም ቆዳን የሚያደነድን ከባድ በሽታ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የንጥረ ነገሩ ዓይነት በጥንቃቄ ይመረጣል። ሽንቱ በራሱ እንደ ውሃ ደምቆ በሚታይበት ስልት ያለ ጋዶሊኒየም መመርመር ይቻላል። ይህ ስልት የመዘጋቱን ቦታ ያሳያል፤ ኩላሊቱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ግን አይነግርም።

ኤምአርአይ በኃይለኛ ማግኔት ስለሚሠራ፣ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም በሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት ካለ አስቀድሞ መናገር ግዴታ ነው።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ታካሚን የኤምአርአይ ተራ ማስጠበቅ ግን ሕይወት ያስከፍላል። በተዘጋ ኩላሊት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በፍጥነት ወደ ደም ይሰራጫል። አልትራሳውንድ ያበጠ ኩላሊት ካሳየ፣ ከፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጋር የታቆረው ሽንት በአስቸኳይ መውጣት አለበት፤ የመዘጋቱ ምክንያት ከዚያ በኋላ ይፈለጋል።