የስኖውቦርድ ጎግል ሌንስ አመራረጥ፦ ቀለሙን ትታችሁ ቁጥሩን እዩ

ስኖውቦርድ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ የጀመረ ሰው ጎግል (ዓይንን ከበረዶና ከፀሐይ የሚከልለውን ትልቅ መነጽር) ሊገዛ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ፣ ወርቃማ፣ ቀይ። ያምራል፣ ፎቶ ላይም ይወጣል። ተራራው ላይ ደመና ሲወርድ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይሄ ሌንስ ምን ያህል ብርሃን ያሳልፋል?

መጀመሪያ ተራራችሁን እወቁ

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ብሬከንሪጅ ወይም ሎቭላንድ ወደሚባሉት የበረዶ መንሸራተቻ ተራሮች ብትሄዱ ሊፍቶቹ (ሰውን በገመድ ላይ ወደ ላይ የሚያወጡት ወንበሮች) ከ3,500 ሜትር በላይ ያወጧችኋል። እዚያ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ቅርባችሁ ስኖኳልሚ ነው፤ መነሻው 900 ሜትር አካባቢ፣ ደመናው ብዙ፣ በረዶው እርጥብ፣ ከሥራ በኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ ማታ በመብራት ነው የሚወርደው። ኮሎራዶ ያለ ጓደኛችሁ «ይሄን ግዙ» ያላችሁ ጥቁር ሌንስ ስኖኳልሚ ላይ ምንም ላያሳያችሁ ይችላል። ስለዚህ ጓደኛችሁን ከመስማታችሁ በፊት የት እንደሚጫወት ጠይቁት።

ከዚያ ቁጥሩን ፈልጉ

ሳጥኑ ላይ፣ አንዳንዴም ሌንሱ ጠርዝ ላይ በትንሹ፣ ቪኤልቲ የሚል ነገር በመቶኛ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሌንሱ የሚያሳልፈው ብርሃን መጠን ነው። ከጎኑ ከኤስ 0 እስከ ኤስ 4 የሚል ደረጃ አለ። ኤስ 0 ከ80 በመቶ በላይ ያሳልፋል፣ ለማታ ነው። ኤስ 1 ከ43 እስከ 80፣ ለደመናና በረዶ ለሚጥልበት ቀን። ኤስ 2 ከ18 እስከ 43፣ ፀሐይና ደመና ለሚፈራረቅበት። ኤስ 3 ከ8 እስከ 18፣ ለጠራ ፀሐይ። ኤስ 4 ከ8 በመቶ በታች ነው፤ በጣም ከፍ ያለና በረዶው የሚያንጸባርቅበት ቦታ ካልሆነ አያስፈልጋችሁም፣ መኪና ሊነዳበትም አይገባም።

የውጩ የሚያብለጨልጭ ቅብ አያታልላችሁ። ከውጭ ሰማያዊ የሚመስለው ሌንስ ከውስጥ ሮዝ ሊሆን ይችላል። ገልብጣችሁ ዓይናችሁ በሚሆንበት በውስጡ በኩል እዩት፤ እናንተ የምታዩበት ቀለም ያ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ፀሐዩ አይደለም

ስኖውቦርደሮች ፍላት ላይት የሚሉት ነገር አለ። ደመናው ወፍራም ሲሆን ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ይመጣና በረዶው ላይ ጥላ የሚባል ነገር ይጠፋል። ጉብታው ከጉድጓዱ አይለይም። ቦርዱ ከእግራችሁ ሥር በድንገት ይወርዳል ወይም ይነሳል፣ ጉልበታችሁ ዝግጁ ስላልሆነም ትወድቃላችሁ። ሰው የሚጎዳው እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያ ብራችሁን ለደመና ቀን ሌንስ አውጡ የምለው።

እዚህ ላይ ቀለም ሥራ አለው። በረዶ ላይ ያለ ጥላ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቢጫ፣ ሮዝና አምበር (ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቢጫ) ሌንሶች ሰማያዊውን ስለሚቀንሱት ትንሿ ጥላ ጠቆር ብላ ትታያለች። ግራጫ ግን ሁሉንም እኩል ነው የሚያጨልመው፣ ለደመና አይሆንም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሌንስ ያለውን ጥላ ያጎላል እንጂ የሌለ ጥላ አይፈጥርም። ምንም በማይታይበት ጭጋግ ውስጥ ከሆናችሁ ወደ ዛፎቹ አካባቢ ተጠግታችሁ በተከፈተው መስመር ላይ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ ዛፎቹ ቁልቁለቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ያሳዩዋችኋል።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ በመብራቱ አትፍረዱ። ነጭ ወረቀት ጨምድዳችሁ መልሳችሁ ዘርጉት፣ በሩ ጋ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጡትና በሁለት ሦስት ሌንስ እያፈራረቃችሁ እጥፋቶቹን እዩ። እጥፋቱ ጎልቶ የሚታይበትን ውሰዱ።

ፀሐይ ሲወጣስ?

ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ኤስ 3። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ግን ዓይናችሁን ጠበቀ ማለት አይደለም። አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚከለክለው ሌንሱ የተሠራበት ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ደህና ጎግል ከሆነ ቀለም የሌለውም ሌንስ ይከለክለዋል። ሳጥኑ ላይ 100 በመቶ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) ይከላከላል የሚል መኖሩን አረጋግጡ። አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር መልሶ ወደ ፊታችሁ ይወረውረዋል፣ 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደመናም ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ዓይን ሲቃጠል ወዲያው አይታወቅም፤ ከሰዓታት በኋላ ማታ ላይ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያነባል፣ ብርሃን ማየት ያቅታል። ስለዚህ ደመና ነው ብላችሁ ጎግላችሁን አታውልቁ።

ራሱ የሚጠቁረው ሌንስስ?

ፎቶክሮሚክ ይባላል። ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። ችግሩ የሚጠቁረው በአልትራቫዮሌት ስለሆነ ነው፤ ደመናውን አልፎ የሚመጣው ጨረር ከምትፈልጉት በላይ ሊያጠቁረው ይችላል፣ በብርድ ደግሞ ተመልሶ እስኪነጣ ይቆያል። ፖላራይዝድ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሌንስ በተመለከተ እኔ ለበረዶ አልመክርም። ነጸብራቁን ያጠፋዋል፤ በረዶው ጠጥሮ መስታወት የሆነበትን ቦታ የሚነግራችሁ ግን ያው ነጸብራቅ ነው።

እኔን ከሰማችሁ፣ ሁለት ሌንስ አብሮት የሚመጣ፣ በማግኔት የሚቀየር ጎግል ግዙ፤ አንዱ ኤስ 1 ሮዝ፣ ሌላው ኤስ 3። ጓንት ሳታወልቁ ሊፍት ላይ ትቀይሩታላችሁ። አቅማችሁ ለአንድ ብቻ ከሆነ ከ30 እስከ 45 በመቶ የሚያሳልፍ ሮዝ ወይም አምበር ይበቃል፤ ኮሎራዶ ከሆናችሁ ወደ 25 አውርዱት። የአንዱ ኩባንያ ሌንስ ለሌላው ፍሬም አይሆንም፣ ስለዚህ መለዋወጫው ገበያ ላይ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ከላይ የሚደረበውን ዓይነት ጠይቁ፣ ሄልሜታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ሌንሱ ቢያልበው ውስጡን አትፈትጉት። ጉም እንዳይዘው የተቀባው ነገር እርጥብ ሲሆን በቀላሉ ይላጣል። በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጋችሁ እርጥበቱን ምጠጡት። ስታርፉም ላብ ያለበት ግንባራችሁ ላይ አትስቀሉት። ቤት ስትገቡ ከቦርሳ አውጡትና ማሞቂያ ላይ ሳይሆን ክፍት ቦታ ላይ በራሱ ይድረቅ።