«ኮፊ»ን ለእንግዳ በትክክል መናገር

ጅማ ውስጥ እርሻ ለሚያስጎበኝ፣ ካፌ ለሚያስተናግድም ሆነ ቡና ለሚሸጥ ሰው ይህች የእንግሊዝኛ ቃል መግቢያ ናት።

አነጋገሩ ላይ፣ ሁለት «ኤፍ» ቢጻፍበትም «ፊ» አይጠብቅም። ጫናው «ኮ» ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለት «ኢ»ዎች «ኢ» ተብለው ይነበባሉ፤ «ኮፌ» አይባልም።

መጠጡ በደፈናው ሲነሳ አይቆጠርም፦ «ሜኒ ኮፊ» ስህተት ነው፣ «ኧ ሎት ኦፍ ኮፊ» ይባላል። በስኒ ሲታዘዝ ግን «ቱ ኮፊስ» ትክክል ነው፤ ሁለት ስኒ ማለት ነው። «ቡና አፍላ»ን ቃል በቃል «ቦይል» አትበሉት፣ «ሜክ ኮፊ» ነው። ጀበናው እሳት ላይ ሲንተከተክ እያሳያችሁ ከሆነ «ቦይል» ያስኬዳል። «ቡና ቁርስ»ን «ኮፊ ብሬክፋስት» ካላችሁት እንግዳው እንቁላል ይጠብቃል፤ ቆሎውና ፈንዲሻው «ስናክ» ናቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካን በስማቸው ጥሩና «ፈርስት፣ ሰከንድ፣ ሰርድ ራውንድ» ብላችሁ አስከትሉ።

ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት ንግዱ ላይ ነው። ቀይ እሸቱ «ኮፊ ቸሪ»፣ ከነገለፈቱ የደረቀው ጀንፈል «ድራይድ ቸሪ»፣ ተፈልፍሎ ያልተቆላው «ግሪን ኮፊ» ይባላል። እዚህ «ግሪን» ጥሬ ማለት እንጂ ያልበሰለ ፍሬ ማለት አይደለም። ጀንፈል ይዞ «ግሪን ኮፊ» ያለ ሻጭ ዋጋ ላይ ይጣላል፤ ጀንፈል ሲፈለፈል ግማሽ ያህል ክብደቱ በገለፈት ይሄዳልና። ገዢው «ባግ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያስበው 60 ኪሎ ነው፤ የእኛ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ አንዱ «ባግ» ሦስት ፈረሱላ ተኩል ያህል ይሆናል። ከመስማማት በፊት በኪሎ ማስነገር ይሻላል።

ስለ ቃሉ አመጣጥ መጠየቃችሁ አይቀርም። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች «ኮፊ ከከፋ ነው» ብሎ መደምደም ይቀናል። በሰነድ የሚታየው መንገድ ግን ሌላ ነው፦ የዓረብኛው «ቀህዋ» ቱርክ ሲገባ «ካህቬ»፣ ሆላንድ ሲደርስ «ኮፊ» ሆነ፤ እንግሊዝኛ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ተቀበለው። የዓረብኛ ሊቃውንት «ቀህዋ» ቀድሞ የወይን ጠጅ ዓይነት ስም ነበር ይላሉ። ፍሬውን ዓረቦች «ቡን» ስለሚሉት ከእኛ «ቡና» ጋር የሚመሳሰለው ይሄኛው ነው። ስለዚህ የከፋውን ነገር «ሳም ፒፕል ሴይ» ብላችሁ ጀምሩት። ተክሉ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መነሳቱን ግን ያለ ማመንታት ንገሯቸው።