ቁም ብሎ የማያስቆም ሰሌዳ፦ በእጅ የሚያዙ የመንገድ ሥራ ምልክቶች ሲነደፉ የሚሠሩ ስህተቶች

መንገድ በሚጠገንበት ቦታ ዳር ላይ የሚቆመውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሷል፣ በእጁ ዘንግ ይዟል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ሰሌዳ አለች፤ በአንዱ ፊቷ «ቁም» ትላለች፣ በሌላው «ቀስ በል»። በእሱና እየከነፈ በሚመጣው መኪና መሀል ከዚህች ሰሌዳ በቀር ምንም የለም። ሹፌሩ ካላያት ወይም ዘግይቶ ካያት፣ ለሰውየው የሚቀረው እግሬ አውጪኝ ማለት ብቻ ነው።

ዕቃዋ ቀላል ስለምትመስል ሥራዋም ቀላል ይመስላል። ቀይ ቀለም፣ ሁለት ፊደል፣ እንጨት፣ አለቀ። እኔም የመጀመሪያዋን እንደዚያ ነው የሠራኋት። ኮምፒውተሬ ላይ ስትታይ ታምር ነበር። አሳትሜ፣ መንገድ ላይ አስይዤ ከመቶ ሜትር ስመለከታት ግን ሰውየው የያዘው ምልክት ይሁን ትሪ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ የታዘብኳቸውን ስህተቶች፣ የራሴንም የሌላውንም፣ እነሆ።

ሹፌሩ ያነበዋል ብሎ ማመን

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

በአሜሪካ ብሔራዊ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ መሠረት በእጅ የሚያዘው ሰሌዳ ስፋቱ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር፣ የፊደሉ ቁመት ደግሞ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ስለ ንባብም እዚያው የሚሠራበት ስሌት አለ፦ ለአንድ ኢንች የፊደል ቁመት 30 ጫማ ርቀት። በሜትር ሲሰላ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፊደል የሚነበበው ከ55 ሜትር ገደማ ነው።

አሁን መኪናውን እንይ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አይቶ፣ አስቦ፣ ፍሬን ረግጦ እስኪቆም ድረስ የመንገድ መሐንዲሶች የሚይዙለት ርቀት 85 ሜትር ነው። በ80 ሲነዳ 130 ሜትር ይሆናል፤ በ100 ደግሞ 185። ልብ በሉ፤ በ60 የሚመጣው ሹፌር እንኳ «ቁም» የሚለውን ማንበብ የሚችለው፣ መወሰን ከነበረበት ቦታ 30 ሜትር ካለፈ በኋላ ነው። የሚፈጥነውማ አይወራም።

ስለዚህ ከሩቅ የሚናገረው ፊደሉ ሳይሆን ቅርጹና ቀለሙ ነው። ፊደሉ የሚያገለግለው ሹፌሩ አስቀድሞ የጠረጠረውን ለማረጋገጥ ነው። ስምንት ማዕዘን ለ«ቁም» የተመረጠው በ1923 አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ የያኔው ሐሳብ ጎኑ በበዛ ቁጥር አደጋው ይበረታል የሚል ነበር። በ1968ቱ የቪየና የመንገድ ምልክቶች ስምምነትም ገብቷል። ዛሬ ሹፌር ሁሉ ቅርጹን ሳያነብ ያውቀዋል። ግን ክብ ለመቁረጥ ይቀላል ተብሎ ክብ አድርገው የሚያሠሩ አሉ። አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከሰሌዳው ጀርባ ስትሆን ምን እንደሚፈጠር እዩ። ቀይ የለም፣ ነጭ የለም፣ ፊደል የለም፤ ጥቁር ጥላ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ክቡ ምንም አይናገርም። ስምንት ማዕዘኑ ግን ጥቁር ሆኖም «ቁም» ይላል።

ፊደል ማስጌጥ

ከላይ ያለው ስሌት ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው። የእኛ ፊደል ይብሳል። «ቁ»ን ከ«ቀ» የሚለያት እግሯ ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት ብቻ ናት። ከሩቅ መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷ ናት። ወፈር ቀጠን የሚል፣ ጫፉ የተሾለ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሆን ፊደል እዚህ አይሠራም። ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ ቅጥያዎቹ ረዘም ያሉ ፊደል ምረጡ። ካስፈለገ ጭረቷን በእጃችሁ አስረዝሟት። የፊደል ባለሙያ ቢቆጣ ይቆጣ።

ሌላም ነገር አለ። ነጭ አንጸባራቂ ፊደል ማታ መብራት ሲያርፍበት ይፈካል፤ ጠርዙ የሚፈስ ይመስላል። በጣም የወፈረ ፊደል ከሆነ «ም» ውስጥ ያለው ቀዳዳ ይሞላና ነጭ ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ወፍራም ይሁን፣ ግን ውስጡ አየር ይኑረው፤ በፊደሎቹም መካከል ክፍተት ይተው።

«እባክዎ መንገድ እየተሠራ ስለሆነ በዝግታ ይንዱ» የሚል ሰሌዳም አይቻለሁ። ትሕትናው ጥሩ ነው። ማንም ግን አያነበውም። የድርጅት አርማም ቦታው ሰሌዳው ላይ አይደለም።

ሁለቱን ፊቶች ማመሳሰል

ሁለቱም ፊት ስምንት ማዕዘን ከሆነ ልዩነቱን የሚሸከመው ቀለም ብቻ ነው። በአሜሪካው መመሪያ «ቁም» በቀይ ላይ ነጭ፣ «ቀስ በል» በብርቱካናማ ላይ ጥቁር ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ደግሞ ሌላኛው ፊት አረንጓዴ ነው፤ «ሂድ» ይላል። እኔ «ቀስ በል»ን እመርጣለሁ። «ሂድ» የተባለ ሹፌር መንገዱ የተለቀቀለት ይመስለዋል፤ ፊት ለፊት ግን አካፋ የያዙ ሰዎች አሉ።

ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ የዚህ ዓይነት ችግር አለበት። ቀይና ብርቱካናማም ሲቆሽሹና ፀሐይ ሲመታቸው ይቀራረባሉ። መፍትሔው በቀለም ብቻ አለመተማመን ነው። «ቀስ በል» ባለበት ፊት ላይ መደቡን ጥቁር አድርጋችሁ መሀሉ ላይ ብርቱካናማ አልማዝ ቅርጽ ብታስገቡ፣ ከሩቅ ሌላ ዕቃ ይመስላል።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ሰውየው የለበሰው ሰደርያ ብርቱካናማ ነው። ከኋላው የቆመው ማሽንም ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ነው። ሰሌዳውን ደረቱ አጠገብ ሲይዘው ብርቱካናማው ፊት እዚያው ይሟሟል። ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚያህል ጠርዝ ብታደርጉለት ግን ተቆርጦ ይወጣል።

«ደማቅ»ን ከ«አንጸባራቂ» ጋር ማምታታት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሻጮቹም ጭምር። ፍሎረሰንት ቀለም የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ይቀይራል። ስለዚህ ደመና ሲሆንና ጎህ ሲቀድ ከተራ ቀለም በላይ ይፈካል። ማታ ግን ያ ጨረር የለም። የመኪና መብራት ብቻውን አያነቃውም፤ ተራ ቀለም ይሆናል።

ማታ የሚሠራው አንጸባራቂ ተለጣፊ ነው። በውስጡ በጣም ደቃቅ የመስታወት ኳሶች ወይም ፕሪዝሞች አሉ። የመጣውን ብርሃን እንደ ፊት ማያ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ አይወረውሩትም፤ ወደ መጣበት ይመልሱታል። የሹፌሩ ዓይን ከመብራቱ ብዙም ስለማይርቅ ምልክቱ ለእሱ ያበራል። አጠገቡ ለቆመው ሰው ላያበራ ይችላል። ስለዚህ «እኔ ስቆምበት አይፈካም» ብላችሁ አትመልሱት። በእጅ ባትሪ ፈትኑት፤ ባትሪውን ዓይናችሁ አጠገብ ይዛችሁ።

ቀንም ማታም የሚሠራበት ከሆነ ሁለቱንም ጠባይ የያዘ ተለጣፊ አለ፤ እሱን ግዙ። በተለይ ቀዩ ላይ አትሰስቱ። ሲመሽ ዓይናችን መጀመሪያ የሚከዳው ቀይን ነው፤ ተራ ቀይ ቀለም ጥቁር ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የ«ቁም» ምልክት እስከ 1954 ድረስ ቢጫ የነበረው ወደው አልነበረም፤ ቶሎ የማይለቅና ማታ የሚታይ ቀይ አልነበራቸውም።

ክንድን መርሳት

ምልክት ነዳፊ ስለ ሹፌሩ ዓይን ያስባል። ስለ ያዡ ክንድ የሚያስብ ግን ትንሽ ነው።

ከ2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም የተቆረጠ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰሌዳ አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በላሜራ ከተሠራማ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። አንድ ኪሎ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ዘንግ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ለሁለት ሰዓት ያዟት፤ ከዚያ እንነጋገር።

ነፋሱ ደግሞ ከክብደቱ ይብሳል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ያንኑ ሰሌዳ ከአንድ ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይገፋዋል። «በደንብ እንዲታይ» ተብሎ ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ ግፊቱ ከሁለት ኪሎ ያልፋል። ነፋሱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። አጠገባችሁ ከባድ መኪና ሲያልፍ ደግሞ መጀመሪያ ይገፋል፣ ወዲያው ይስባል። አጭር እጀታ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚያርፈው የእጅ አንጓ ላይ ነው። የደከመ ያዥ ሰሌዳውን ያዘነብለዋል፣ ዝቅ ያደርገዋል፣ ትከሻው ላይ ያጋድመዋል። የተጋደመ «ቁም» ማንንም አያስቆምም።

ዘንጉን አስረዝሙት። ታችኛው ጫፍ መሬት ሲነካ ሰሌዳው ከያዡ ራስ በላይ ይሁን። ያኔ ክብደቱን መሬት ይሸከመዋል፤ ሰውየው የሚታገለው ከነፋሱ ጋር ብቻ ይሆናል። ጫፉ ላይ ጎማ አድርጉበት፣ አስፋልት ላይ እንዳይንሸራተት። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የምትጨምሩ ከሆነ ባትሪውን ወደ ታች አውርዱት። አናቱ ላይ የተሰካ ባትሪ ዘንጉን መዶሻ ያደርገዋል።

ያዡ የትኛውን ፊት እንዳሳየ አለማወቁ

ሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ግን ያዡ የሚያየው ሁልጊዜ ጀርባውን ነው። ለሹፌሩ «ቁም» ሲያሳይ እሱ የሚያነበው «ቀስ በል» ነው። ጠዋት ላይ ችግር የለም። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀትና ድካም ሲደራረቡ፣ ሰውየው ያነበበውን ያሳየ ይመስለዋል።

የሚያድነው ነገር ገንዘብ አያስወጣም። እጁ በሚያርፍበት ቦታ፣ ዘንጉ ላይ በአንድ ጎን ብቻ ቀጭን የካለመዳሪ ቁራጭ ለጥፉ። ጎማው ከአውራ ጣቱ ሥር ካለ «ቁም» ወደ መኪናው ዞሯል ማለት ነው። ሳያይ ያውቃል፣ በጓንትም ያውቃል። ዘንጉም ክብ ባይሆን ጥሩ ነው። ሞላላ ዘንግ በእጅ ውስጥ ራሱን አያሽከረክርም፤ ነፋስ ሰሌዳውን ሲመታው ግማሽ ዙር ዞሮ ሌላውን ፊት አያሳይም።

ቁሳቁስና ጽዳት

የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ቦታ የብረት ዘንግ አይታሰብም፤ እንጨት ወይም ፋይበርግላስ ይሁን። የሰሌዳው ጠርዝ በጎማ ይሸፈን፤ ያልተሸፈነ አሉሚኒየም እንደ ቢላ ይቆርጣል። ብሎኖቹን ፊደሉ መሀል አትምቷቸው። ሬንጅ ሲፈናጠቅበት ሠራተኛው የሚያነሳው ናፍጣ ነው፤ ናፍጣና ቤንዚን ግን ተለጣፊውን ሊያበላሹት ይችላሉ። ለተራ ቆሻሻ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ጨርቅ ይበቃል። ይህን ዘንጉ ላይ ጻፉት፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ መመሪያ መንገድ ላይ አይደርስም።

ቢሮ ውስጥ ፈትኖ መጨረስ

ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ሰሌዳ ይነበባል። ውጡ። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማታ በመኪና መብራት እዩት። አቧራ አልብሳችሁ እዩት። ስለ ሥራው የማያውቅ ሰው መኪና ውስጥ አስቀምጣችሁ ከሩቅ እየቀረባችሁ «ምን ታያለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ቀይ ነገር» ያለበትንና «ቁም» ያለበትን ቦታ ለየብቻ በሜትር ለኩት።

ከዚያ ሰሌዳውን ለሠራተኞቹ ስጡና ከአንድ ወር በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ። ምን እንደሚሰማቸው ከመጠየቃችሁ በፊት ዕቃውን እዩ። እጀታው ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ካገኛችሁ ዘንጉ ቀጥኖባቸዋል። ዘንጉ በመጋዝ አጥሮ ከሆነ መኪና ላይ አልተጫነላቸውም። ሰሌዳው ላይ ነፋስ እንዲያሳልፍ ቀዳዳ ተበስቶበት ካገኛችሁ ደግሞ፣ ማን እንደበሳው ጠይቁና ቀጣዩን ከእሱ ጋር ንደፉ።