ለካምፕ ገጀራ ስትገዙ

ረጅሙን ተዉት፣ እሱ ለሸንኮራ ማሳ ነው። ማገዶ ለመፍለጥ፣ ቅርንጫፍ ለመመልመልና የድንኳን ካስማ ለመቅረጽ ስለቱ ከ30 እስከ 35 ሳንቲሜትር የሆነ ይበቃል፤ ቦርሳ ጎን ላይም አያስቸግርም። ከሁሉም በፊት ግን እጀታውን እዩት። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ መዝለቁ ከውጭ መታየት አለበት። የእኔ የመጀመሪያዋ እስከ ግማሽ ብቻ ገብታ ኖሮ፣ ደረቅ ባህር ዛፍ ስመታባት እጀታው እጄ ላይ ቀረና ብረቱ እሳቱን ተሻግሮ በረረ (ደግነቱ ማዶ ሰው አልነበረም)። ብረቱ ከሚያብለጨልጨው አይዝጌ ይልቅ ተራው የካርቦን ብረት ቢሆን እመርጣለሁ። መዛጉን ይዝጋል፣ ግን ሲደንዝ በሞረድ ጥቂት ስታስኬዱበት ስለቱ ይመለሳል። ማታ ጠርጋችሁ ዘይት ቀባ ማድረግ ነው። አፎት የሌለውን ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።